የጓሮ መንገድ ሒሳብ፦ ከቤት ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ማን ይጠግናል? ማንስ ይከፍላል?

የቆሻሻ መኪናው በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። የሚገባው ቤቶቹ ጀርባቸውን በሰጡት፣ ስፋቱ አምስት ሜትር በማይሞላው የጓሮ መንገድ ነው። ገንዳዎቹ የተደረደሩት አንድ ጥግ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያው ነው። የኋላ ጎማው ከሚያርፍበት አጠገብ የኮንክሪት ንጣፉ ተሰንጥቋል። መኪናው ክብደቱን ሲጥልበት የንጣፉ ጫፍ በትንሹ ይሰምጥና ከስንጥቁ ቡናማ ውኃ ፊን ብሎ ይወጣል። አላፊ አግዳሚው ጭቃ ነው ብሎ ያልፈዋል። የመንገድ መሐንዲስ ግን ቆም ብሎ ያየዋል፤ ምክንያቱም ያ ቡናማ ነገር ከንጣፉ ሥር ተጠቅጥቆ የነበረው ገረጋንቲ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨለፈ ይወጣል። ንጣፉም ሥሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ይሰበራል።

ያን ቀን ጎረቤቶች ተሰብስበው «ማዘጋጃ ቤት የት አለ?» ይላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ካርታውን ገልጦ «ለመሆኑ መንገዱ የእኛ ነው?» ይላል። የውኃ ድርጅቱ ቱቦዬ ደኅና ነው ብሎ ዘወር ይላል። መኪናውን ያሰማራው መሥሪያ ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት በሰዓቱ ይመጣል። ይህን ክርክር በየከተማው ለተከታተለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ስለ ኮንክሪትና ስለ ጠጠር የሚታወቀው ሁሉ ከታወቀ ቆይቷል። የጓሮ መንገድን የሚገድለው የገንዘቡ አመጣጥ ነው። በአብዛኞቹ ከተሞች የጥገና ገንዘብ የሚገኝበት በር የሚከፈተው መንገዱ ካለቀለት በኋላ ነው።

ትንሽ መንገድ፣ ትልቅ ጭነት

ጎዳና ሲሠራ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል፤ ዝናቡ ግራና ቀኝ ወዳለው ቦይ ይወርዳል። የጓሮ መንገድ ቦይ የሚቀመጥበት ዳር የለውም፤ ግራና ቀኙ አጥርና የጋራዥ በር ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ይሠራል። ዳሮቹ ከፍ ይላሉ፣ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። ውኃውም መኪናውም በአንድ ስፍራ ይሄዳሉ። ተዳፋቱ ትንሽ ከተዛባ፣ ለምሳሌ አንድ ነዋሪ የጋራዡን መግቢያ ከፍ አድርጎ ካስገነባ፣ ውኃው እዚያው ይተኛል። የተኛ ውኃ ደግሞ ስንጥቅ መፈለጉ አይቀርም።

ጭነቱስ? እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖች ያለማቋረጥ ተመላልሰው ነበር። ከዚያ ሙከራ የወጣው ትምህርት ዛሬም ድረስ መንገድ የሚነድፉ ሰዎች የሚሠሩበት ነው፦ በንጣፍ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን ከሚያያይዘው ዘንግ፣ ክብደት ጋር እኩል አያድግም፤ በግምት በአራተኛ ኃይሉ ነው የሚያድገው። አሥር ቶን የተጫነበት አክስል አንድ ቶን ከተጫነበት አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ወደ አሥር ሺህ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ስሌት የነዋሪው የቤት መኪና ዓመቱን ሙሉ ቢመላለስ፣ አንድ የሞላ የቆሻሻ መኪና በጥቂት ጠዋቶች የሚያደርሰውን ያህል አያደርስም። «የምትጠቀሙበት እናንተ ስለሆናችሁ እናንተው ክፈሉ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። እርግጥ ነው፣ መኪናው የሚጭነው የነዋሪውን ቆሻሻ ነው። ይሁንና ቆሻሻው በጓሮ በመነሳቱ ዋናው ጎዳና ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ደግሞ የሚያልፈው ሌላው የከተማ ሰው ሁሉ ነው።

ይህ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ለማየት መንገዱ የሌለበትን ከተማ ማየት ይበቃል። የኒውዮርክ ማንሃተን በ1811 በወጣው ፕላን ወደ ሰሜን ሲሸነሸን የጓሮ መንገድ አልተተወለትም፤ መሬቱ ሁሉ ለቤትና ለጎዳና ተደለደለ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም የቆሻሻ ከረጢቱ የሚከመረው እግረኛ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ከተማዋ ከአንድ እስከ ዘጠኝ መኖሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ክዳን ባለው ገንዳ እንዲጠቀሙ ያስገደደችው ገና በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ነው።

ባለቤቱ ማነው?

ቺካጎ የኒውዮርክ ተቃራኒ ናት። በ1830 የመጀመሪያው ፕላኗ ሲነደፍ የጓሮ መንገዶች አብረው ተሰመሩ፤ ዛሬ ርዝመታቸው ተደምሮ 1,900 ማይል፣ ማለትም ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የከተማው ናቸው። ቺካጎ ውስጥ ከቤት ጀርባ ጉድጓድ ቢፈጠር ነዋሪው ለከተማው ያመለክታል።

ፊላደልፊያ ሄዶ ያንኑ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ሌላ መልስ ያገኛል። እዚያ ከተያያዙት ቤቶች ጀርባ ያሉት መተላለፊያዎች አብዛኞቹ የግል ናቸው፤ የሚያዋስኗቸው ባለቤቶች በጋራ ይጠግኗቸዋል። በመልክ ከቺካጎው ብዙም አይለይም፤ ያው ኮንክሪት፣ ያው ጋራዥ፣ ያው ገንዳ ነው። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት መሬቱን የሸነሸነው ሰው መንገዱን ለከተማው አስረክቦ ሄደ ወይስ ለገዢዎቹ አከፋፍሎ ሸጠ? አንድ ቀያሽ በአንድ ከሰዓት ያሰመረው መስመር ከአራት ትውልድ በኋላ ያሉ ሰዎችን ኪስ ይወስናል።

በጃፓን ደግሞ ክፍያው በመሬት የሚሆንበት መንገድ አለ። ከ1950 ጀምሮ የሚሠራበት የሕንፃ ደረጃ ሕግ፣ ቤት የሚሠራበት ቦታ በመሠረቱ ቢያንስ አራት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ እንዲያዋስነው ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የነበሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ሊፈርሱ አይችሉም፤ ስለዚህ ሕጉ ዘዴ አበጀ። ባለቤቱ ቤቱን አፍርሶ እንደገና ሲሠራ ከመንገዱ መሐል ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቱም ተራው ሲደርስ እንዲሁ ያደርጋል። መንገዱ በአንድ በጀት ሳይሆን በአንድ ቤት፣ ደግሞ በአንድ ቤት፣ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ይሰፋል። መሐሉ ላይ ያልታደሰ ቤት ካለ ግን መንገዱ እዚያ ጋ ሲደርስ እንደገና ይጠባል። የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፈው ደግሞ መንገዱ በጣም በጠበበበት ልክ ነው። የተገነጣጠለ ኃላፊነት ምን እንደሚመስል በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከተሞችን ልጨምር። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖልን የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው፤ በረዶውም ያው በረዶ ነው። ሚኒያፖሊስ የጓሮ መንገዶቿን በረዶ ራሷ ትጠርጋለች። በሴንት ፖል ግን ለረጅም ዘመን የተለመደው ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የግል ጠራጊ መቅጠር ነው። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ታታሪ ጎረቤት በየቤቱ እያንኳኳ ይሰበስባል። ያልከፈለውም መኪናውን ከጋራዥ አውጥቶ በተጠረገው መንገድ ይሄዳል፤ የእሱን በር ብቻ ለይቶ በረዶ የሚተውለት ጠራጊ የለምና። አንኳኪው ቤቱን ሸጦ የሄደ ዓመት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

«ያዋሰነ ይክፈል»

በጣም የተለመደው ዘዴ ይህ ነው፦ ከተማው መንገዱን ይሠራና ወጪውን መንገዱ ለሚያዋስናቸው ቤቶች ያከፋፍላል። ሐሳቡ ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። መንገዱ ሲሠራ የቤቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለው ዋጋ ትንሽ መልስ ነው የሚባለው።

ከፍ ያለው ዋጋ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኖርዉድ የምትባል መንደር በአንዲት ሴት መሬት መሐል መንገድ ለመክፈት ቁራጭ መሬት ወሰደች። ዳኝነቱ ካሳ 2,000 ዶላር ይሁን አለ። መንደሯ ከፈለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ካሳውንና የክርክሩን ወጪ ጨምራ 2,218 ዶላር ከ58 ሳንቲም በዚያችው ሴት በቀረው መሬት ላይ ጫነች። ሴትዮዋ መሬቷ ተወሰደ፣ ካሳ ተከፈላት፣ ካሳዋን ከነትርፉ መልሺ ተባለች ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1898 ይህ አይሆንም አለ፤ ክፍያው ንብረቱ ካገኘው ልዩ ጥቅም በእጅጉ ከበለጠ መሬት ያለ ካሳ እንደመውሰድ ይቆጠራል ሲል ወሰነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን በ1901 ያው ፍርድ ቤት፣ የአስፋልት ንጣፍ ወጪን ቤቶቹ መንገዱን በሚያዋስኑበት ርዝመት ልክ ማከፋፈል ይቻላል ብሎ በሩን መልሶ ከፈተው። ከተሞች ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሁለት ፍርዶች መካከል እየተሽሎከለኩ ይሠራሉ።

ማከፋፈያው ራሱ ጠብ ነው። በሜትር ይሁን? ጀርባውን ለመንገዱ የሰጠ ቤት አሥር ሜትር ያዋስናል፤ መታጠፊያው ላይ ያለው ግን ጎኑ በሙሉ ስለሚያዋስን አርባ ሜትር ይሆንበታል። በሩ በሌላ አቅጣጫ ሆኖ፣ በጓሮ መንገዱ ገብቶ የማያውቅ ሆኖ፣ የጎረቤቱን አራት እጥፍ ይከፍላል። በቤት ቁጥር እኩል ይሁን? አንድ ክፍል ያለው ቤትና አሥር አባወራ የሚኖርበት ሕንፃ እኩል ሊሆኑ ነው። በንብረት ግምት ይሁን? ያኔ ደግሞ ቤቱን አሳምሮ የያዘው ይቀጣል። ሦስቱንም የሚጠቀሙ ከተሞች አሉ፤ በሦስቱም ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ከዚህ የሚከፋው ፈቃዱ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። በካናዳ አልበርታ ግዛት ሕግ፣ ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ሥራ በራሳቸው ወጪ እንዲሠራላቸው ለመጠየቅ ከሚከፍሉት ባለቤቶች ሁለት ሦስተኛው መፈረም አለባቸው፤ የፈረሙት ንብረትም ከጠቅላላው ግምት ቢያንስ ግማሹን መያዝ አለበት። ወደ ምሳሌ እናምጣው። መንገዱን 24 ቤቶች ያዋስኑታል እንበል፤ 16 ፊርማ ያስፈልጋል። ሰባቱ የተከራዩ ናቸው። ባለቤቶቹ ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ ጉድጓዱን አያዩትም፤ የኪራዩን ገንዘብ ጉድጓዱ አይቀንሰውም። ሁለቱ በጡረታ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፤ ቢፈልጉም አቅም የላቸውም። የቀሩት 15 ሁሉ ቢፈርሙ እንኳ አንድ ፊርማ ይጎድላል፤ ጠጠሩም እንደፈረሰ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ተረቱ ግን ከሃምሳው ሰው አሥራ ሰባቱ ሎሚያቸውን አስቀምጠው ሲሄዱ ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

ስለዚህ በዚህ ዘዴ የሚመራ ከተማ ካርታው የታወቀ መልክ ይይዛል። ባለቤቶች በራሳቸው ቤት የሚኖሩበት፣ ደመወዝ የሚያገኙበት ሰፈር መንገዱ ደኅና ነው። ኪራይ የበዛበት ሰፈር የፈረሰ ነው። የሁለቱም የቆሻሻ መኪና አንድ ነው።

ለሁሉም እኩል፣ ለማንም በልኩ

ሌላው መንገድ ከጠቅላላው የከተማ ግብር መክፈል ነው። እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ ግን ይህም የራሱ ወጥመድ አለው። በበጀት ክርክር የጓሮ መንገድ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። አውቶቡስ አይሄድበትም፣ ሹም አያልፍበትም፣ ሪባን አይቆረጥበትም። ከላይ የሚመጣ ገንዘብም አይደርስለትም። የአሜሪካ ፌዴራል የመንገድ ገንዘብ ለምሳሌ በመሠረቱ ትልልቆቹን መንገዶች የሚመለከት ነው፤ የሰፈር መንገዶች በአብዛኛው ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው።

ቺካጎ ለዚህ ያበጀችው መፍትሔ በየአካባቢው ለተመረጠው የምክር ቤት አባል ገንዘብ መስጠት ነው። ከተማዋ በ50 ወረዳ ትከፈላለች። ለእያንዳንዱ በዓመት እኩል ገንዘብ፣ ለብዙ ዓመታት 1.32 ሚሊዮን ዶላር፣ ይመደብና ተመራጩ ከዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይመርጣል፦ ይህን ጎዳና ላልብሰው፣ ያንን የጓሮ መንገድ ልሥራ፣ መብራት ላስገባ፣ የፍጥነት መቀነሻ ላድርግ። ዝርዝሩ ራሱ እንደ ምግብ ቤት «ሜኑ» ተብሎ ይጠራል። የከተማዋ ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ በ2017 ይህን መርምሮ ሁለት ነገር አገኘ። ገንዘቡ ከሚያስፈልገው ጥገና በእጅጉ ያንሳል፤ እኩል መከፋፈሉም ከእውነተኛው ፍላጎት ጋር አይገናኝም። ብዙ መንገድ ያለው ወረዳና ጥቂት ያለው ወረዳ አንድ ዓይነት ገንዘብ ያገኛሉ። የትኛው መንገድ ቢጠገን ብዙ ያተርፋል የሚለውን የሚያውቀው መሐንዲስ ነው፤ የሚመርጠው ግን ስልኩ የሚጮኸበት ሰው ነው። ብዙ ስልክ የሚያስደውለው ደግሞ የፈረሰ መንገድ ነው። ስለ ስንጥቅ የሚደውል የለም።

በካናዳ ኤድመንተን የተለየ ነገር ሞክራለች። በ2019 የጓሮ መንገዶቿን በ25 ዓመት ውስጥ በተራ ለማደስ ፕሮግራም ጀመረች፤ ለዚሁ ብቻ የሚውል የንብረት ግብር ጭማሪም አደረገች። ጥንካሬው ገንዘቡ ከሌላው ተለይቶ መቀመጡና ተራው በፊርማ አለመያዙ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው። ተራው በ24ኛው ዓመት የሚደርሰው ሰው ከአሁኑ ይከፍላል፤ ምናልባት ቤቱን ሸጦ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ተራውን ያውቃል። ፊርማ ሲሰበስብ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውኃ የሚከፍለው መንገድ

ገንዘብ ከመንገድ በጀት ካልተገኘ ከውኃ በጀት ይፈለጋል። ከቺካጎ የጓሮ መንገዶች ብዙዎቹ ሲሠሩ ከፍሳሽ ቱቦ ጋር አልተገናኙም ነበር። ዝናብ ሲጥል ውኃው ተዳፋቱ ከፈቀደ ወደ ጎዳና ይወርዳል፤ ካልፈቀደ ወደ ጋራዥና ወደ ምድር ቤት ይገባል። ለእያንዳንዱ ቱቦ መቅበር ውድ ነው። ከተማዋ በ2006 የጀመረችው አረንጓዴ የጓሮ መንገድ ፕሮግራም ንጣፉን ራሱን ውኃ የሚያሰርግ አደረገው። ውኃው በንጣፉ አልፎ ከሥሩ ባለው ጠጠር ውስጥ ይቀመጥና ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል።

ፊላደልፊያ በበኩሏ ከ2010 ጀምሮ የዝናብ ውኃ ክፍያን ንብረቱ ውኃ ከማያሰርግ ስፋቱ ጋር ማያያዝ ጀመረች፤ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ያለው ብዙ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ክፍያ ባለበት ከተማ የጓሮ መንገድ አዲስ ጠበቃ ያገኛል። ለመንገድ ክፍሉ የበጀት ጭራ የነበረው፣ ለውኃ ክፍሉ ቱቦ ሳይቀበር ጎርፍ የሚያስቀር ሥራ ይሆንለታል።

ነገር ግን ውኃ የሚያሰርግ ንጣፍ አንድ ዐመል አለው። ቀዳዳዎቹ በአቧራና በቅጠል ይደፈናሉ። በየጊዜው በልዩ መኪና ካልተጠረገና አቧራው ካልተመጠጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራ ንጣፍ ይሆናል፤ ያውም ተዳፋቱና ቱቦው ለጎርፍ ያልተዘጋጀ ተራ ንጣፍ። ማሠሪያው ገንዘብ በብድርና በድጋፍ ይገኛል። የመጥረጊያው መኪና ነዳጅና የሾፌሩ ደመወዝ ግን ከመደበኛው በጀት ነው የሚወጣው፤ ሲመረቅ ደግሞ ስለ መጥረጊያ የሚናገር የለም።

አዲስ የተነጠፈውን መንገድ የሚቆፍሩትንም ሳላነሳ አላልፍም። የጋዝ፣ የውኃ፣ የስልክ መስመር በጓሮ በኩል መሄዱ ብልህነት ነው፤ ዋናው ጎዳና አይዘጋም። ግን እያንዳንዱ ቁፋሮ ሲደፈን በደንብ ካልተጠቀጠቀ እዚያው ይሰምጣል፣ ውኃ ያቁራል። የቆፋሪው ሥራ በዚያው ቀን ያልቃል፤ መስመጡ የሚታየው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ከቆፋሪው ለደረሰው የዕድሜ ማጠር ክፍያ የሚሰበስቡ ከተሞች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን የፈቃድ ወረቀቱን ዋጋ ብቻ ይቀበላሉ።

ሁለት ኪስ

የከተማ ገንዘብ ሁለት ኪስ አለው። ከካፒታል በጀቱ አዲስ ግንባታ ይወጣል፤ ብድር ይፈቀዳል፣ ድጋፍ ይመጣል፣ ያዋሰነውም ይጠየቃል። ከመደበኛው በጀት ደግሞ ደመወዝ፣ ነዳጅና ጥገና ይወጣል፤ ገቢ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ነው። ስንጥቅ መድፈን የሁለተኛው ኪስ ሥራ ነው። ብድር አይሰጥበትም፤ ማንም ጎረቤት አይፈርምበትም። መንገዱን አፍርሶ መሥራት ግን የመጀመሪያው ኪስ ነው። ስለዚህ ለአንድ የከተማ ሹም፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት፣ መንገዱ እስኪሰበር መጠበቅ ከበጀት አንጻር ይቀልለዋል። አሁን ቢጠግነው ከራሱ ያወጣል፤ ሲሰበር ሌላ ይከፍላል።

የከተማን በጀት የሚያነብ ሰው የጓሮ መንገድ መልሶ ግንባታ ምን ያህል እንደተያዘለት ከማየቱ በፊት፣ ስንጥቅ መድፈን የሚል መስመር መኖሩን ይፈልግ። ካለም ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ እንደተዛወረ ይጠይቅ።

መኪናው በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል። ያን ስንጥቅ ለመድፈን ሁለት ሠራተኛ፣ አቧራውን የሚነፋ አንድ ኮምፕረሰርና አንድ ማሞቂያ የቀለጠ ሬንጅ ይበቃል፤ ሥራውም ከምሳ በፊት ያልቃል።